እጅ ወደ ኋላ

ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጤና ጣቢያ

ለመምህር አምሳሉ፣

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ወገብዎስ? ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡ ከዚህ ይሻላል እያልኩ ስለ እርስዎ ራሴን አጽናናለሁ። እኛ ጋ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ጉም ግቢያችንን ሞልቶ ይውላል፤ በሽተኛው በራችን ላይ እስኪደርስ ማን እንደሆነ አይለይም። እኔ ደኅና ነኝ። ምላሼ የዘገየው የስልክ መስመሩ ከተቋረጠ ወዲህ ወደ እናንተ የሚወርድ ሰው በማጣቴ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን ግን መላ ተገኝቷል። የሳል በሽተኞችን አክታ ለምርመራ ወደ ከተማ የሚያመላልሰው ሞተረኛ፣ ፈንታ፣ ደብዳቤም እወስዳለሁ ብሏል። ከናሙናው ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ከደረት ኪሱ እንዲያደርገው አስጠንቅቄዋለሁ። እርስዎም ሲልኩ ይንገሩት፤ ሳጥኑ በረዶ ስላለው ወረቀቱ አይበላሽም ብሎ ሲከራከረኝ ነበር።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። አዎ፣ ሰባተኛውን ባዶ የተውኩት ረስቼ አይደለም።

የላኩልኝን የተመራቂዎች እርካታ መጠይቅ ከአንዴም ሁለቴ አንብቤ ነው የሞላሁት። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ “ረክቻለሁ” ብያለሁ። ስለ ክፍል ትምህርቱ “በጣም ረክቻለሁ” ብያለሁ፤ ስለ ደም እርስዎ ያስተማሩኝን ዛሬም ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ አልሳሳትም። መምህራን ለተማሪ ስላላቸው አክብሮትም እንደዚሁ። ሰባተኛው ግን “በላቦራቶሪ የተግባር ሥልጠናው ምን ያህል ረክተዋል?” ይላል። እስክሪብቶዬን በአምስቱም ሳጥኖች ላይ ሳዞር ቆየሁና ተውኩት።

ምክንያቱን ልንገርዎ። ባለፈው ወር ከጤና ጣቢያችን ቁልቁል ወዳለው ወደ የኔታ ወልደ ሰንበት ቅኔ ቤት ወርጄ ነበር። ከተማሪዎቹ ደም ልወስድ ጓንቴን ሳጠልቅ የኔታ በትራቸውን ተደግፈው አስተዋሉኝና፣ “አንቺ ልጅ፣ ይኸን ሙያ ከማን ዘንድ አስመሰከርሽ?” አሉኝ። ተመርቄአለሁ፣ ዲግሪ አለኝ አልኳቸው። “መመረቅሽንማ ሰማሁ። ስትሠሪው ቁሞ ያየሽና ‘በቅተሻል’ ያለሽ ማነው ማለቴ ነው” አሉ። አራቱን የትምህርት ዓመታት በልቤ አገላበጥኩ። የምጠራው ስም አጣሁ።

ምስክር በሌለው ነገር ረክቻለሁ ማለትም፣ አልረካሁም ማለትም ለእኔ ያው ነው። ስለዚህ ባዶ ይሁን። ወደ ቅኔ ቤቱ ምን እንደወሰደኝ ግን ለጊዜው አይጠይቁኝ። ነገሩ ገና አላለቀም።

አክባሪዎ
የብርጓል


ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለየብርጓል፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፈንታ ከደረቱ አውጥቶ ሲሰጠኝ ይሞቅ ነበር፤ ማስጠንቀቂያሽ ሠርቷል ማለት ነው። ወገቤ እንደ ክረምቱ ነው፤ አንድ ቀን ያጠቁራል፣ አንድ ቀን ያባራል። መልሴን ያዘገየሁት ስለተቆጣሁ ነው። ቁጣ ይዤ እንዳልጽፍ ጥቂት ቀን አሳደርኩት፤ አሁንም ጨርሶ አልወጣልኝም፣ ብትታገሺኝ ደስ ይለኛል።

እንዴት ስም አጣሁ ትያለሽ? እኔስ? አራት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቴ የተቀመጥሽው ልጅ አይደለሽም? ከክፍልሽ አንደኛ ወጥተሽ ስትመረቂ ከእናትሽ ቀጥሎ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ላቦራቶሪ ውስጥም አብሬሽ ነበርኩ። ያችን የግርሻ ትኩሳት ስላይድ ለማየት ከአርባ ተማሪ ጋር ተሰልፈሽ፣ እንደ ደንባችን እጅሽን ወደ ኋላ አድርገሽ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብለሽ “አየሁ” ስትዪኝ ከሌሎቹ ለይቼ ያመንኩሽ አንቺን ነው። ግማሾቹ ሰልፉን ለማሳጠር “አየን” እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አንቺ ግን ክር የሚመስለው ጀርም ወዴት እንደተጠማዘዘ ጭምር ነገርሽኝ። ምስክር ከሆነ የቸገረሽ፣ እኔ አለሁ። የኔታ ወልደ ሰንበት ከፈለጉ በደብዳቤ እመሰክርልሻለሁ።

አሁን ስለ ጭንቀቴ ልንገርሽ። መስከረም ላይ ገምጋሚዎች ከላይ ይመጣሉ። ተመራቂዎቻችን በሥልጠናችን ረክተዋል ወይ ብለው ነው የሚጠይቁት። የክፍል ኃላፊያችን ጠዋት ማታ በሬ ላይ ቆሞ መጠይቁ የት ደረሰ ይለኛል። ካንቺ ጋር የተመረቁት ሁሉ ሞልተው ልከዋል፤ አብዛኞቹም ከልክ በላይ ረክተዋል። አንዱ እንዲያውም የሌለንን ማሽን ጠቅሶ አመስግኖናል። ያንቺ ብቻ አንድ ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ሆኖ መጣ። ዝቅ አድርገሽ ብትሞዪው እንኳ አልቀየምም፤ ባዶ ግን አትተዪብኝ። ባዶ ነገር ለእኔም ለገምጋሚዎቹም አይገባንም።

ኅዳር ላይ አዲሶቹ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች የላቦራቶሪ ልምምድ ይጀምራሉ። ቁጥራቸው እንዳንቺ ጊዜ ነው። ማይክሮስኮፑ ግን እንዳንቺ ጊዜ አይደለም፤ የሚሠራው ሦስት ብቻ ቀርቷል።

አይጠይቁኝ ብለሽ ነበር። እጠይቅሻለሁ። ወደ ቅኔ ቤት ምን ወሰደሽ? አንቺ ራስሽ ታመሽ ይሆን ብዬ መጨነቄን ልደብቅሽ አልችልም።

መምህርሽ
አምሳሉ


ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህር አምሳሉ፣

እኔ አልታመምኩም። ስለ እኔ እንዲህ መጨነቅዎን ሳነብ ግን አለቀስኩ፤ ይኸው ነገርኩዎ። ጾሙ ያበርታዎት።

ስለጠየቁኝ ከመጀመሪያው እነግርዎታለሁ። በሰኔ መባቻ ዲያቆን ገዳሙ የሚባል የቅኔ ተማሪ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት መጣ። ቢተው የሚባለው ጤና መኮንናችን የደም ምርመራ አዘዘለት። ደሙን ስላይድ ላይ ቀባሁ፣ ቀለም አስገባሁበት፣ አየሁ። “ምንም አልታየም” ብዬ ውጤቱን ላክሁ። ቢተው ታይፎይድ ነው በሚል መድኃኒት ሰጥቶ ሸኘው። ትኩሳቱም ለቀቀው፤ ሁላችንም ደስ አለን። ከሳምንት በኋላ በቃሬዛ ተመለሰ።

ደሙን እንደገና ቀባሁ። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ቢተው በር ላይ ቆሞ ውጤት ሲጠብቅ፣ “ምነው የብርጓል፣ እጅሽን ማን አሰረሽ?” አለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ሁለቱም እጆቼ ከኋላዬ ተቆላልፈዋል።

መምህር፣ ይኼን በደንብ እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ። ከተመረቅኩ ጀምሮ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የማየው። ስላይዱን አስቀምጣለሁ፣ አጠራለሁ፣ ከዚያ እጆቼ ራሳቸው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። አንዴ ሁለቴ አንቀሳቅሰው ይሆናል፤ ወዲያው መልሼ እቆልፋቸዋለሁ። ክፍል ውስጥ ሁሉንም ነገር መሃል ላይ አድርገው አጥርተው ነበር የሚጠብቁን። ስለዚህ መሃል ላይ ያለውን ማየት አውቃለሁ። ፈልጌ ያገኘሁት ነገር ግን በሕይወቴ አልነበረም፤ ሁሉም ተፈልጎ የጠበቀኝ ነው።

ያን ቀን እጄን ፈታሁና ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር ማሰስ ጀመርኩ። ጥጉ ላይ፣ ከቀዮቹ ሕዋሳት መካከል፣ ያ ቀጭን ጥምዝምዝ ክር ተኝቶ አገኘሁት። ግርሻ ነው። የጠፋ በሽታ ነው እያልን የተማርነው ግርሻ። የመጀመሪያውን ስላይድ አልጣልኩትም ነበርና አውጥቼ አሰስኩት። እዚያም ነበረ። ከመሃል ትንሽ ወጣ ብሎ።

ገዳሙ መድኃኒቱን እንደተወጋ፣ ግርሻ ሲታከም እንደሚያደርገው፣ አንቀጠቀጠው፤ አልጋው ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቢተው ከአጠገቡ ሳይነሣ ዋለ። ተርፏል። አሁን ቅኔው ላይ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቅማል ስለሆነ፣ ቅኔ ቤት ደግሞ በአንድ ጎጆ ተቃቅፎ የሚታደርበት ስለሆነ፣ ሌሎቹን ለመመርመር ወረድኩ። የኔታ ያን ጥያቄ የጠየቁኝ ያን ጊዜ ነው።

ምስክርሽ እኔ ነኝ ብለዋል። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ነገር ግን እርስዎ የመሰከሩት “አየሁ” ማለቴን ነው። ስፈልግ አላዩኝም፤ አልፈለግሁምና።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናለሁ፣ ከዚህም አልመለስም። ኅዳር ላይ የሚገቡት ልጆች እጃቸውን ወደ ኋላ እንዳያደርጉ። ስላይዱን ራሳቸው ይቅቡ፣ ራሳቸው ያስሱ። አለዚያ እኔን የመሰለ አርባ ሰው ወደ አርባ ጤና ጣቢያ ይላካል።

የብርጓል


ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለየብርጓል፣

እንኳን ለጾሙ ፍቺ በሰላም አደረሰሽ። ገዳሙ በመትረፉ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለቤቴ ምን ደረሰብህ ብላ ጠየቀችኝ፤ ተማሪዬ ገሠጸችኝ አልኳት። ሳቀች፤ አሳቀኝም።

አሁን ደግሞ እኔን ስሚኝ። ያ ደንብ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? ያችን ስላይድ ያወረሱኝ የራሴ መምህር ናቸው። ስላይዶቹ አራት ነበሩ። ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት ተማሪው ሁሉ እየተሻማ ሲያይ አንዱ ሌንሱን ቁልቁል አውርዶ አንዷን ሰነጠቃት፤ ሁለተኛዋ ከእጅ ወደቀች፤ ሦስተኛዋን ማን እንደሰበራት እስከ ዛሬ ያመነ የለም። አራተኛዋ ስትቀር “እጅ ወደ ኋላ!” አልኩ። በሽታው ጠፍቷል ሲባል ሌላ ከየት አመጣለሁ? አንዷን ለአርባ ሰው ማካፈል እንዲህ ነው።

ደግሞስ አስቢው። ጥጉ ላይ የተኛውን ክር ስታገኚው ግርሻ ነው ያልሽው በምን አውቀሽ ነው? ያችን ስላይድ ስላየሽ ነው። ያየሻት ደግሞ ስለጠበቅኳት ነው። ብትሰበር ኖሮ የኋላ ኋላ እጅሽ ሲፈታ እንኳ ምን እንዳገኘሽ አታውቂውም ነበር። ይኼን ስጽፍ እየተቆጣሁ አይደለም፤ እውነቱ ይኸው ስለሆነ ነው።

ዘገየሽ፤ ግን አገኘሽው። ልጁም ዳነ። ታዲያ ጉዳቱ የት ላይ ነው? ሥራ ላይ የማይማር ማን አለ? እኔም የጀመርኩ ሰሞን ስንቱን ስቻለሁ። ይኼን ሁሉ ወደ ሥልጠናችን ወስደሽ ስትለጥፊው፣ በሦስት ማይክሮስኮፕ የምንታገለውን ሰዎች ልፋት ከንቱ ታደርጊዋለሽ።

ሰባተኛውን ሙይልኝ። በመካከለኛው ሳጥን ላይ ምልክት ብታደርጊ ይበቃኛል። ገምጋሚዎቹ ሊመጡ ነው።

አምሳሉ


መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመምህር አምሳሉ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎት፤ ለባለቤትዎም እንዲሁ ይድረስልኝ። ስላሳቅዎት ደስ ብሎኛል። ይኼኛው ግን አያስቅም፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጉዳቱ የት ላይ ነው ብለው ጠየቁኝ። ያልነገርኩዎት አለ። ገዳሙ ከአንድ ደበሎ ሥር አብሮት የሚተኛ ጓደኛ ነበረው፣ ፍቅረ ሥላሴ የሚባል፣ ከወደ አምበር የመጣ። ገዳሙን ምንም የለብህም ብለን በሸኘንበት ሳምንት ፍቅረ ሥላሴን አተኮሰው። ገዳሙ ሄዶ ምንም እንዳልተገኘበት ስላየ፣ እኔም ብሄድ ያው ነው ብሎ ሳይመጣ ቀረ። ገዳሙ በቃሬዛ ወደ እኛ በመጣበት ዕለት የእሱ ቀብር ነበር።

ግርሻ ነው የገደለው አልልም። ደሙን ያየው የለም፤ ያላየሁትን አልጽፍም። ይኼንንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ነገር ግን የኔ ወረቀት “ምንም አልታየም” ሲል ለገዳሙ ብቻ አልተናገረም። የነገርኩዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም። አዝኜበታለሁ፣ አልቅሼበታለሁ፣ አሁን የምፈልገው ሥራ ነው።

ስለ ስላይዷ የጻፉት እውነት ነው። ባያሳዩኝ ኖሮ አላውቀውም ነበር፤ አመሰግናለሁ፣ በሕይወቴም አልረሳውም። ግን ክርክርዎ በሙሉ የቆመው አንድ ብቻ ናት በሚለው ላይ ነው። ስለዚህ እሱን አፍርሼዋለሁ። ፈንታ የሚያወርድልዎትን ካርቶን ይክፈቱት። ከቅኔ ቤቱ ከታመሙት ተማሪዎች፣ ሳይታከሙ በፊት ከወሰድኩት ደም፣ እነሱንም የኔታንም አስፈቅጄ የቀባኋቸው ናቸው። ስም የለባቸውም። ቀለማቸው ገብቶ የደረቁ ስለሆኑ በሽታ አያስተላልፉም። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ይደርሰዋል። በጥጥ ጠቅልዬ የመርፌ ካርቶን ውስጥ ደርድሬያቸዋለሁ፤ ፈንታ ጉድጓድ ላይ እንዳይዘል አስምዬዋለሁ፣ እሱም በታቦት ምሏል። አንዳንዶቹ ላይ ክሩ ብዙ ነው፣ አንዳንዶቹ ላይ በጭንቅ ነው የሚገኘው፤ ሆን ብዬ ነው የቀላቀልኳቸው።

የላክኋቸው እንዲሰበሩ ነው። ይጠበቁ ብዬ አይደለም።

ሰባተኛውን ጥያቄ የምሞላውም ያን ጊዜ ነው። ከእነዚህ አንዱ በተማሪ እጅ የተሰበረ ዕለት ይንገሩኝ፤ በማግሥቱ ሞልቼ እልካለሁ። ከዚያ በፊት ገምጋሚዎቹ በሄሊኮፕተር ቢመጡም አልሞላም።

የብርጓል


ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመምህር አምሳሉ፣

እንደምን ሰነበቱ? አጭሯ ደብዳቤዎ ደርሳኛለች። ከካርቶኑ አንዷ ተሰንጥቃ መድረሷንና በፈንታ እጅ የተሰበረ እንደማይቆጠር የጻፉትን ተቀብያለሁ። ፈንታን ስጠይቀው መንገዱ ነው የዘለለው፣ እኔ አልዘለልኩም አለኝ።

መጠይቄንም ሰባተኛው ባዶ እንደሆነ ማስገባትዎን አንብቤያለሁ። ገምጋሚዎቹ ምን እንዳሉ፣ ኃላፊውም ምን እንዳለዎት ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ ብለው አለፉት። በእኔ ምክንያት ተፈርዶብዎት እንዳይሆን ብዬ ፈራሁ። እኔም እርስዎን አንዴ እንዲህ አድርጌዎታለሁና አልጎተጉትዎትም።

ስለ ቅኔ ቤቱ ጠይቀውኛል። ሕመሙ ቆሟል። የኔታ፣ ቢተው ያዘዛቸውን ሁሉ ፈጽመዋል። ልብሱ ሁሉ በአንድ በርሜል ተቀቀለ። ያስቸገረው ደበሎው ነበር፤ የበግ ቆዳ አይቀቀልም። ሳይለበስ ሰንብቶ ቅማሉ በረሃብ ይሙት ብለን ሁሉም ከጎጆው ርቆ በመስቀያ ላይ ዋለ፣ አደረ። ተማሪዎቹ ያን ሰሞን የለበሱት ሰንበቴው ያዋጣውን ጋቢ ነው። የኔታ፣ “ቅኔ ቤቴ የበግ በረት መሰለ” እያሉ ይስቁ ነበር።

ዋናው ጥያቄዎ ግን፣ “ተማሪው ሲያስመሰክር እንዴት ነው? ሲሳሳትስ የኔታ ምን ይሉታል?” የሚለው ነው። ከሰሚ ሰምቼ ከምነግርዎ ብዬ ራሴ ሄጄ ዋልኩ። ዕለቱ የገዳሙ ነበር። የኔታ ይቀመጣሉ፣ ተማሪው ይቆማል፣ ጓደኞቹ ዙሪያውን ናቸው። ቅኔውን የሚያወጣው እሱው ነው። ከጓደኛው የሰማውን ቢደግም ወዲያው ይታወቅበታል፤ የሌላ ሰው ቅኔ ማወቅና መቀኘት ለየብቻ ናቸው። ገዳሙ ጀመረና አንድ ቦታ ላይ ተሳሳተ። የኔታ አልተቆጡም። ፊታቸውንም አላዞሩም። “ድገም” አሉት፤ ይኸው ነው። እንደገና ተሳሳተ። “ድገም።” ጓደኞቹ ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ይችን ቃል ተራ በተራ የቀመሷት ናቸው። በሦስተኛው ወጣለት። የኔታም መረቁት። ገዳሙ እንባው መጣ፤ ለጓደኛው ይመስለኛል።

ስመለስ የኔታ እስከ በሩ ሸኙኝ። ያን ጥያቄያቸውን መልሰው ይጠይቁኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። “እየሠራሽ ነው ወይ?” ብቻ አሉኝ። እየሠራሁ ነው አልኳቸው። እጄን ፈትቼ ማለቴ ነው፤ እሳቸው ግን ይኼን አያውቁም።

ልጆቹ ኅዳር ላይ ይገባሉ። ምንም ቃል እንዳልገቡልኝ አስተውያለሁ። እጠብቃለሁ።

የብርጓል


ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለየብርጓል፣

ደኅና ነሽ? ወገቤ ተሽሎታል፤ ፀሐይ ወጥቷልና። በመጀመሪያ ያስቀየምኩሽበትን ዝምታ ልክፈል። ገምጋሚዎቹ ባዶዋን ሳጥን አይተው ይኼ ምንድነው አሉ። ኃላፊያችን ስህተት ነው ሊል ሲል እኔ ስህተት አይደለም አልኩ፤ ከተመራቂዎቻችን አንዷ መልሱ ገና አልደረሰልኝም ብላለች አልኩ። ምን ያህል ጊዜ ትፈልጋለች አሉኝ። እሷ ሳትሆን እኛ ነን ጊዜ የፈለግነው አልኳቸው። ጻፉት። የሚያስከትለውን እናያለን፤ ኃላፊው እስከ ዛሬ ሰላምታዬን በአንገቱ ነው የሚመልሰው። ያልነገርኩሽ ልጆቹ ሳይገቡ አዝነሽልኝ ከቃልሽ እንዳትመለሺ፣ ይተዉት እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው።

ስለ ፍቅረ ሥላሴ ምንም ሳልጽፍልሽ ቀረሁ። ለአርባው ቀን ባይደርስም፣ ዘግይቼም ቢሆን ስሙን ለጸሎት ሰጥቻለሁ።

አሁን ወደ ሰኞው ነገር። ልጆቹ ነጭ ጋወናቸውን ለብሰው ገቡ። ካርቶንሽን ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩ። በሦስቱ ማይክሮስኮፖች በቡድን መደብኳቸውና ያንቺን ስላይዶች አደልኳቸው። መሃል ላይ አድርጌ ሳላጠራ፣ እንዲሁ ሰጠኋቸው። “ያለበትን አልነግራችሁም፤ ፈልጉ” አልኩ። ከዚያ ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ። እንደዚያ ከተማሪ አጠገብ ቁጭ ብዬ እጅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ እያፈርኩም ልንገርሽ።

መጀመሪያ የተነሣችው መቅደላዊት የምትባል ዝምተኛ ልጅ ናት፣ የሉማሜ ልጅ። ዘይቱን ጠብ አደረገች፣ ሌንሱን ታወርድ ጀመር። ዓይኗ ማይክሮስኮፑ ላይ ነበር፣ ሌንሱ ምን ያህል እንደቀረበ አላየችም። አንዴ አዞረች፣ ደግማ አዞረች። ቀጭ አለ።

የብርጓል፣ ስላይዱ ተሰነጠቀ። ልጅቷ ቀና አለችና እጆቿን ወደ ኋላ አደረገች። ከዚያ ከአጠገቧ ያለው። ከዚያ ሁሉም። ማንም ሳያዛቸው፣ አንድ በአንድ፣ አርባውም እጃቸውን ከኋላ ቆልፈው ቆሙ። ዘንድሮ ያን ደንብ ከአፌ አልሰሙም። ከቀደሙት ተማሪዎች ሰምተው፣ ሳልነግራቸው ለምደውት መጥተዋል። ያስተማርኩትን ነገር ፊት ለፊቴ ተሰልፎ አየሁት። 

ተነሣሁ። “እጃችሁን አምጡ” አልኩ። አልገባቸውም። እጄን ዘርግቼ አሳየኋቸው፤ “እጃችሁን ወደዚህ፣ ወደ ፊት አምጡ።” ከካርቶኑ ሌላ ስላይድ አውጥቼ ለመቅደላዊት ሰጠኋት።

“ድገሚ” አልኳት።

ዘይት ጠብ አደረገች፤ አሁን ጎንበስ ብላ ሌንሱን ከጎን እያየች አወረደች። ከዚያ ማሰስ ጀመረች። ቆየች። ጓደኞቿ ተሰላቹ፣ እኔም ጨነቀኝ፣ ጣልቃ ገብቼ ላሳያት እጄ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ መለስኩት። በመጨረሻ ራሷን ሳታነሣ ተናገረች። “አየሁ” አይደለም ያለችው። “አገኘሁት” አለች።

ዝቅ ብዬ አየሁ። ጥግ ላይ ነበር።

ስባሪውን በጥጥ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ፤ ፈንታ ኪስ ውስጥ ነው፣ እንዳይቆርጠው ተጠንቀቂለት። ቃልሽን ጠብቂ፣ ሰባተኛውን ሙይ። ምን እንደሞላሽ ለእኔ መንገር የለብሽም። ያችን የመምህሬን ስላይድም ከነዚያ ጋር ካርቶኑ ውስጥ ከትቻታለሁ፤ ተራዋ ይድረሳት። አንቺ ግን በርቺና ስላይድ ላኪልን። የግርሻ ባይሆን ይሻላል፣ ያገኘሽውን ላኪ። ልጆቹ በዚህ አያያዛቸው እስከ ገና አያደርሱትም።

ምስክርሽ
አምሳሉ